ቪጋን ወላጆች የልጃቸውን የክትባት ጉዳይ ደረጃ በደረጃ የሚጨርሱበት መንገድ

የመጀመሪያ ልጃችን በተወለደች በሦስተኛው ሳምንት፣ ሌሊት ስነቃ ባለቤቴ የክትባት መግለጫ ወረቀቶችን አትማ ጠረጴዛው ላይ ደርድራ አገኘኋት። ልጅቷ ደረቷ ላይ ተኝታለች። እሷ በአንድ እጇ እርሳስ ይዛ የጉንዳን ሰልፍ የመሰለውን ደቃቅ ጽሑፍ መስመር በመስመር ትከተላለች። ከኩፍኝ ክትባቱ ወረቀት ላይ አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ተከብቧል፤ «ጄላቲን» ይላል። እኛ ቪጋኖች፣ ማለትም ከእንስሳ የሚገኝ ነገር የማንጠቀም፣ ስለሆንን ለዓመታት ጄላቲን (ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነገር) ያለበትን ከረሜላ አንሥተን፣ አንብበን፣ መልሰን ያስቀመጥን ሰዎች ነን። «አሁን ይህንኑ በመርፌ ልንሰጣት ነው?» አለችኝ። የምመልሰው ጠፋኝ።

መልሱን ለማግኘት ሳምንታት ፈጅቶብናል። ይህን መመሪያ የምጽፈው ያ ጊዜ ለእናንተ እንዲያጥር ነው። አቋሜንም ሳልደብቅ ልናገር፤ ልጆቻችን ሁሉንም ክትባት በወቅቱ ወስደዋል፣ እኛም ቪጋንነታችንን አልተውንም። ሁለቱ አብረው የሚሄዱበትን መንገድ ነው የማሳያችሁ።

ደረጃ 1፦ ሁለቱን ጥያቄዎች ለያዩ

በቪጋኖች መካከል ስለ ክትባት ሲነሣ ሁለት ጥያቄዎች ተጠላልፈው ይመጣሉ። አንደኛው የህሊና ጥያቄ ነው፤ በክትባቱ ውስጥ ወይም በአሠራሩ የእንስሳ ነገር አለ ወይ የሚል። ሁለተኛው የደኅንነት ጥያቄ ነው፤ ክትባቱ ልጄን ይጎዳል ወይ የሚል። ስለ ጄላቲን ሊጠይቅ የገባ ወላጅ ስለ ኦቲዝም ሰምቶ፣ ደንግጦ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚያስጨንቀው የቱ እንደሆነ ለራሱም አይታወቀውም።

ስለዚህ ሁለት ወረቀት አዘጋጁ። በአንዱ ላይ የህሊናውን፣ በሌላው ላይ የደኅንነቱን ጥያቄዎች ጻፉ። የደኅንነቱ ወረቀት ቶሎ የሚያልቅ ነው። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የአንድሩ ዌክፊልድ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1998 ታትሞ በ2010 በራሱ በመጽሔቱ ተሽሯል፤ ጸሐፊውም በዚያው ዓመት የሕክምና ፈቃዱን ተነጥቋል። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ሕጻናት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግንኙነት አላገኙም። ክትባት ትኩሳት፣ የክንድ ወይም የጭን ሕመም፣ የአንድ ቀን መነጫነጭ ያመጣል። አደገኛ አለርጂ በአንድ ሚሊዮን ክትባት አንድ ጊዜ ያህል ያጋጥማል፤ ለዚያም ነው ከክትባት በኋላ ጥቂት ቆይታችሁ እንድትሄዱ የምትጠየቁት። ከዚህ በላይ የምትፈሩት ነገር ካለ ወረቀቱን ይዛችሁ ለልጃችሁ ሐኪም አሳዩት። ከዚህ በታች የማተኩረው በህሊናው ወረቀት ላይ ነው።

ደረጃ 2፦ የገባችሁትን ቃል እንደገና አንብቡ

ብዙዎቻችን ቪጋን የሆንነው ከምግብ ተነሥተን ስለሆነ፣ ቃሉ ከምግብ ውጭ እንዴት እንደሚተረጎም አስበንበት አናውቅም። እ.ኤ.አ. በ1944 በብሪታንያ የተቋቋመውና ቃሉን ለዓለም ያስተዋወቀው የቪጋን ማኅበር ትርጓሜ እንዲህ የሚል ሐሳብ አለው፦ ቪጋንነት እንስሳትን ከመበዝበዝና ከማሠቃየት «በሚቻለውና ተግባራዊ ሊሆን በሚችለው መጠን» መራቅ ነው። ይህ ሐረግ ለሰነፎች የተተወ ቀዳዳ ተደርጎ ሲቀለድበት እሰማለሁ። እኔ ግን የትርጓሜው ምሰሶ እሱ ይመስለኛል። መድኃኒቶች ገበያ ከመውጣታቸው በፊት በእንስሳት ላይ መፈተናቸው በብዙ አገሮች የሚጠየቅ መሆኑን ማኅበሩ ያውቃል፤ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት እንዲተው የማይመክረውም ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቃሉን የገባነው እኛ ነን። ልጃችን ገና ቃል አልገባችም፤ ኩፍኝ ቢይዛት ግን የምትታመመው እሷ ናት። ባለቤቴ ያንን ወረቀት ያጠፈችው ይህንን ከተነጋገርን በኋላ ነበር።

ደረጃ 3፦ እንስሳ ወደ ክትባት የሚገባባቸውን በሮች እወቁ

በጭፍን ከመሸሽም በጭፍን ከመቀበልም ማወቅ ይሻላል። በሮቹ አራት ናቸው፤ ክብደታቸውም እኩል አይደለም።

የመጀመሪያው ማረጋጊያው ነው። ቫይረሱ ሕያው ሆኖ የተዳከመባቸው አንዳንድ ክትባቶች በማጓጓዝና በማስቀመጥ ጊዜ እንዳይበላሹ ጄላቲን ይጨመርባቸዋል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከአሳማ የሚገኝ ነው። ጄላቲን የሚገኘው በአንዳንድ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባቶች፣ በአንዳንድ የጉድፍ ክትባቶች እና በአፍንጫ በሚረጨው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ውስጥ ነው። ከዘጊ አናዳ፣ ከመንጋጋ ቆልፍና ከትክትክ የሚከላከሉት ጥምር ክትባቶች፣ የሳንባ ምች መከላከያው የኒሞኮካል ክትባት እና በአፍ የሚሰጠው የሮታ ቫይረስ ክትባት በተለምዶ ጄላቲን የላቸውም። በሌላ አነጋገር፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚሰጡት አብዛኞቹ ከዚህ ጥያቄ ነጻ ናቸው። እኛ ይህንን ሳናውቅ ስለ ሁሉም ተጨንቀን ነበር። አንዳንዶቹ ደግሞ ከወተት የሚገኝ ስኳር፣ ላክቶስ፣ አላቸው።

ሁለተኛው ቫይረሱ የሚያድግበት ቤት ነው። ቫይረስ ከሕያው ሴል ውጭ አይራባም። የኩፍኝና የጆሮ ደግፍ ቫይረሶች በዶሮ ጽንስ ሴል ውስጥ ይራባሉ፤ አብዛኛው የኢንፍሉዌንዛ ክትባትና የቢጫ ወባ ክትባት በዕንቁላል ይሠራሉ። ብዙዎቹ የፖሊዮና የሮታ ክትባቶች የሚራቡት «ቬሮ» በሚባል የሴል ዘር ላይ ነው። ቬሮ እ.ኤ.አ. በ1962 በጃፓን ከአንዲት አፍሪካዊት አረንጓዴ ጦጣ ኩላሊት ተወስዶ ከዚያ ወዲህ በቤተ ሙከራ ሲራባ የኖረ ነው፤ ለእያንዳንዱ ብልቃጥ አዲስ ጦጣ አይታረድም። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ታሪክ ደግሞ ተስፋ ይሰጠኛል። መጀመሪያ ከሰው ደም ይወጣ የነበረው ክትባት እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በእርሾ መመረት ቻለ። ዋነኛው የማህጸን በር ካንሰር መከላከያ ክትባትም እንዲሁ በእርሾ ይሠራል። መንገዱ ወዴት እንደሚያመራ ይህ ያሳያል።

ሦስተኛው በር ለኔ ከሁሉ የከበደው ነው፤ ምክንያቱም በመግለጫ ወረቀት ላይ ጎልቶ አይታይም። ሴሎቹ እንዲያድጉ ብዙ ጊዜ የሚመገቡት ከታረዱ እርጉዝ ላሞች ጽንስ ደም የሚወጣ ሴረም ነው። ከባክቴሪያ በሚሠሩት ክትባቶች ደግሞ ባክቴሪያዎቹ ከወተት ፕሮቲን ወይም ከሥጋ በተዘጋጀ ምግብ ሊያድጉ ይችላሉ። እነዚህ ታጥበው ይወገዳሉ፤ በመጨረሻው ብልቃጥ የሚቀር ነገር ቢኖር እጅግ ጥቂት ርዝራዥ ነው። እንስሳው ግን ሞቷል። ይህን ሸፋፍኜ ባልፍ አታምኑኝም።

አራተኛው ፍተሻው ነው። ክትባት ከመፈቀዱ በፊት በአይጦች፣ በጥንቸሎች፣ አንዳንዴም በጦጣዎች ላይ ይፈተናል። በመርፌ የሚሰጥ ማንኛውም መድኃኒት ከባክቴሪያ መርዝ ነጻ መሆኑ ለረጅም ጊዜ ሲረጋገጥ የኖረው ደግሞ በአንድ ጥንታዊ የባሕር ፍጥረት ደም ነው። የዚህ የፈረስ ኮቴ የሚመስል ቅርፊት ያለው እንስሳ ደም መዳብ ስላለበት ሰማያዊ ነው። ተይዞ ይደማል፣ ወደ ባሕር ይመለሳል፤ ከተመለሱት ግን የሚሞቱ አሉ። አሁን ያንኑ ሥራ የሚሠራ በቤተ ሙከራ የሚመረት ፕሮቲን ተገኝቷል፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ደረጃ መጽሐፍም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ይህን ዘዴ ተቀብሎታል።

ከአራቱ በሮች የምትረዱት አንድ ነገር አለ፤ ሙሉ በሙሉ ከእንስሳ የጸዳ የልጅነት ክትባት ዛሬ የለም። እሱን ስትፈልጉ የልጃችሁ ቀጠሮ እንዳያልፍ። እናንተ ዛሬ መምረጥ የምትችሉት በመጀመሪያው በር ላይ ብቻ ነው። ወደ ሦስተኛውና ወደ አራተኛው በመጨረሻው ደረጃ እመለሳለሁ።

በሒሳቡ ማዶ ያለውንም እንዳትረሱ። የከብቶችን መንጋ ሲፈጅ የኖረው ደስታ የተባለው የከብት በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር መጥፋቱ የታወጀው በክትባት ምክንያት ነው። ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሙሉ በሙሉ የጠፋ ሁለተኛው በሽታ እሱ ነው። ለእንስሳት የሚቆረቆር ሰው ይህን ዓመት ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ደረጃ 4፦ ዝርዝር አውጡ፣ ወረቀቱን አንብቡ፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ

የምትኖሩበትን አገር የክትባት መርሐ ግብር አግኙና እስከ አምስት ዓመት ያለውን በአንድ ገጽ ጻፉ። በእያንዳንዱ ፊት ዕድሜውን፣ የክትባቱን የንግድ ስምና አምራቹን መዝግቡ። የበሽታው ስም ብቻ አይበቃም፤ ለአንድ በሽታ የሚሰጡ ሁለት ክትባቶች ይዘታቸው ሊለያይ ይችላል። የንግድ ስሙን ለማወቅ ጤና ጣቢያችሁን ጠይቁ።

ከዚያ የመግለጫ ወረቀቱን አውጡና «ሌሎች ይዘቶች» ወይም «ተጨማሪ ንጥረ ነገሮች» የሚለውን ክፍል ፈልጉ። የምትፈልጉት ጄላቲን፣ ላክቶስ፣ የዕንቁላል ወይም የዶሮ ፕሮቲን፣ የጥጃ ሴረም የሚሉትን ነው። የዓመቱን እትም ተመልከቱ፤ አምራቾች አሠራር ይለውጣሉ። የማታውቁት የኬሚካል ስም ስላስፈራችሁ ብቻ ግን ወደ ደኅንነቱ ወረቀት እንዳትመለሱ።

የተግባር ምሳሌ ልስጥ። ኤም ኤም አር ቱ የተባለው የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባት ጄላቲን አለው። ፕራዮሪክስ የተባለው ለእነዚሁ ሦስት በሽታዎች የሚሰጥ ሲሆን ጄላቲን የለውም፤ ላክቶስ ግን አለው። የአፍንጫው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ጄላቲን ሲኖረው በመርፌ የሚሰጠው ምትክ ብዙ ጊዜ የለውም። በሃይማኖታቸው ምክንያት ከአሳማ የሚርቁ ወላጆች ይህን ጥያቄ ሲጠይቁ ስለቆዩ፣ በብዙ ቦታ ባለሙያዎቹ መልሱን ያውቁታል።

ጥያቄውን የምታቀርቡበት ጊዜና ቃል ወሳኝ ነው። መርፌው ተስቦ ልጃችሁ ጭናችሁ ላይ እያለች አትጀምሩ። ከቀጠሮው ቢያንስ ሦስት ሳምንት በፊት ደውሉ ወይም ሂዱና እንዲህ በሉ፦ «ልጃችንን በቀጠሮዋ እናስከትባለን። ጄላቲን የሌለው ዓይነት ካለ እሱን እንመርጣለን። ከሌለ ያለውን እንወስዳለን።» ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ሲቀር ባለሙያው ክትባት ልትቃወሙ የመጣችሁ ይመስለዋል፣ ንግግሩም ወደ ክርክር ይዞራል። እኔ ያለ መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጀምሬ ያየሁት ፊት አሁንም ትዝ ይለኛል። በሚቀጥለው ጊዜ በትክክል ስናገር ያችው ነርስ ማቀዝቀዣውን ከፍታ የሳጥኑን ስም አነበበችልኝ።

ምትክ ከሌለ ደግሞ ቀጠሮውን አትለውጡ። ይህ የመመሪያው ዋና ነጥብ ነው።

ደረጃ 5፦ ለምን መጠበቅ እንደማይገባ ተረዱ

ኩፍኝን ውሰዱ። የታመመ ሰው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ አየር ላይ ሊቆይ ይችላል። መከላከያ ከሌላቸው አሥር ሰዎች ታማሚውን ከቀረቡ እስከ ዘጠኙ ሊያዙ ይችላሉ። ሁለት ጊዜ መከተብ ግን ከመቶ 97 ያህሉን ይከላከላል። በሽታው ሽፍታና ትኩሳት ብቻ አይደለም፤ ከሺህ ታማሚዎች አንዱን ያህል የአንጎል ብግነት ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ደግሞ ኩፍኝ የሰውነትን የቀድሞ የመከላከል ትዝታ ያጠፋል፤ ባልተከተቡት በተጠኑት ሕጻናት ላይ ለሌሎች በሽታዎች የነበረው የመከላከያ ክምችት ከ11 እስከ 73 በመቶ ቀንሷል።

«ልጃችን ጡት ትጠባለች፣ ስታድግም አትክልትና ጥራጥሬ ትበላለች፣ ጠንካራ ናት» የሚል ክርክር በመካከላችን ደጋግሞ ይነሣል። ጥሩ ምግብ የታመመን ልጅ ይደግፋል፤ የኩፍኝን ቫይረስ ለይቶ የሚያውቅ መከላከያ ግን አይፈጥርም። «ሌሎቹ ስለተከተቡ ወደ እኛ አይደርስም» የሚለውም አያስኬድም። ኩፍኝ በአንድ ማኅበረሰብ እንዳይዛመት ከመቶ 95 ያህሉ መከላከያ ሊኖራቸው ይገባል፤ ቪጋን ቤተሰቦች ደግሞ ልጆቻቸውን አብረው ያጫውታሉ፣ በአንድ ቤት ይሰበሰባሉ። መንጋጋ ቆልፍ ከሰው ወደ ሰው ጭራሹን አይተላለፍም። ዘሩ አፈር ውስጥ ነው ያለው፤ አትክልት ስትኮተኩቱ አጠገባችሁ በባዶ እግሩ የሚሮጥን ልጅ የጎረቤት ክትባት አይጠብቀውም። በክትባት ምትክ የሚሸጡ «ኖሶድ» የሚባሉ የሆሚዮፓቲ ጠብታዎችም አሉ። እንደሚከላከሉ የሚያሳይ ማስረጃ የለም፣ አትግዟቸው።

ያለፋችሁ ቀጠሮ ካለ አትፈሩ። ብዙውን ጊዜ የተጀመረው ክትባት ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከመጀመሪያው አይደገምም። የልጁን ካርድ ይዛችሁ በዚህ ሳምንት ሂዱ።

ደረጃ 6፦ ቀምሶ የማያውቀውን ነገር ተናገሩ

ይህ ደረጃ የኛን ልጆች ብቻ የሚመለከት ስለሆነ በሌላ መመሪያ ላይ አታገኙትም። ነርሷ «ልጁ ለዕንቁላል ወይም ለጄላቲን አለርጂ አለው?» ብላ ስትጠይቅ የብዙዎቻችን መልስ «የለውም» ነው። ትክክለኛው መልስ «ቀምሶ አያውቅም» ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። «ቀምሶ አያውቅም» ብላችሁ ከተናገራችሁ ባለሙያዋ ከክትባቱ በኋላ ምን ያህል መቆየት እንዳለባችሁ በዕውቀት ትወስናለች። የጄላቲን አለርጂ ብርቅ ነው። የኩፍኝ ክትባት የዕንቁላል አለርጂ ላለባቸው ልጆችም ይሰጣል፤ ስለ ቢጫ ወባ ክትባት ግን በዕንቁላል ስለሚሠራ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከቀድሞ ክትባት በኋላ የተፈጠረ የፊት ማበጥ ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ሳይጠየቅ መነገር አለበት።

ደረጃ 7፦ የክትባቱ ቀንና ከዚያ በኋላ

ጭን ወይም ክንድ በቀላሉ የሚገለጥበት ልብስ አልብሱ። ልጁን ከማስተኛት ቀና አድርጎ ማቀፍ ይሻላል። የሚጠባ ከሆነ መርፌው ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ጀምሮ እስኪያልቅ ጡት ስጡት፤ ሕመሙን በእርግጥ ይቀንሳል። በርካታ መርፌ ካለ የሚያመው በመጨረሻ እንዲሆን ጠይቁ። የተወጋውን ቦታ አትሹት። ከመሄዳችሁ በፊት የንግድ ስሙና የምርት መለያ ቁጥሩ ካርዱ ላይ መጻፉን አረጋግጡ።

ትኩሳቱ ከብዙዎቹ ክትባቶች በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይመጣል፤ ከኩፍኝ ክትባት በኋላ ግን ከሳምንት እስከ አሥራ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ መምጣቱ የተለመደ ስለሆነ አትደናገጡ። የሚያነጫንጭ ከሆነ በባለሙያ የተነገራችሁን መጠን ፓራሲታሞል ስጡ፤ የሽሮፑን ይዘትም በቤታችሁ ተረጋግታችሁ አስቀድማችሁ አንብቡት። ትንፋሽ ካጠረው፣ ፊቱ ካበጠ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ ወይም ከሦስት ወር በታች ሆኖ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና ውሰዱት።

በዚያው ጉብኝት ስለ ቪታሚን ቢ12 ጠይቁ። የምታጠባ ቪጋን እናት ልትወስደው ይገባል፤ ልጁም ምግብ ሲጀምር ከራሱ ምንጭ ማግኘት አለበት። የዚህ ቪታሚን እጥረት የሕጻንን አንጎልና ነርቭ ይጎዳል። ስለ ጄላቲን የምናጠፋውን ግማሽ ያህል ጊዜ ለዚህ ብንሰጥ እንዴት በወደድኩ።

ደረጃ 8፦ ቅሬታችሁን ለሚለውጠው ሰው ጻፉ

ለልጅ ሳይሰጥ የቀረ ክትባት የአንድም እንስሳ ሕይወት አያድንም፤ ብልቃጡ ተመርቷል፣ ፍተሻው አልፏል። ለውጥ የሚመጣው ከአምራቾችና ከመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ነው። ስለዚህ ልጃችሁ ከተከተበ በኋላ ባለው ሳምንት ካርዱን አውጡና ለአምራቹ ደብዳቤ ጻፉ። አንድ ገጽ ይበቃል። የክትባቱን የንግድ ስም ጥቀሱ፤ ልጃችሁን እንዳስከተባችሁና ወደፊትም እንደምታስከትቡ በመጀመሪያው መስመር ግለጹ። ከዚያ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ጄላቲኑን በሌላ ማረጋጊያ የመተካት ዕቅድ አለ ወይ፣ ሴሎቹን ያለ ጥጃ ሴረም ማሳደግ የት ደርሷል፣ የመርዝ ፍተሻው በቤተ ሙከራ በሚመረተው ፕሮቲን የሚካሄደው ከመቼ ጀምሮ ነው። ለአገራችሁ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም ግልባጭ ላኩ፤ አንዳንድ የእንስሳት ሙከራዎች የሚቀሩት ተቆጣጣሪው ሌላ ዘዴ ሲቀበል ነውና።

ባለቤቴ የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፈችው በዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ በዚያው እርሳስ ነበር። መልስ ሲመጣ ከክትባት ካርዱ ጋር በአንድ ፖስታ እናስቀምጠዋለን፤ ለሁለተኛው ልጃችን ቀጠሮ ስንዘጋጅ መጀመሪያ የምናወጣው ያንን ፖስታ ነው።